ከቤት የሚሠራ ሰው ግብር ይቀነስለታል?

ሐምሌ ሲገባ ስልካችን ላይ የሚመላለስ አንድ ዓይነት ቪዲዮ አለ። ሜልቦርን ወይም ፍራንክፈርት የሚኖር ወገናችን ካሜራ ፊት ይቀመጥና፣ ከቤት ሆኖ የሚሠራ ሰው የመብራቱን፣ የኢንተርኔቱንና የክፍሉን ወጪ ከግብር ማስቀነስ እንደሚችል ያስረዳል። አማርኛው ጥርት ያለ ነው። ቪዲዮው በቴሌግራም ደብረ ማርቆስ ይደርሳል፣ ባሕር ዳር ይደርሳል፣ ፍኖተ ሰላም ይደርሳል። ከዚያ ጥያቄው ይጀምራል፦ እኛስ?

ሰውየው አልዋሸም። የሚናገረው ግን ስለሚኖርበት አገር ሕግ ነው።

አውስትራሊያ ውስጥ ተቀጣሪ ሠራተኛ ከቤት የሠራባቸውን ሰዓታት መዝግቦ ከያዘ፣ ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰዓት 70 ሳንቲም ሒሳብ ከገቢው ላይ ይቀነስለታል። ጀርመን ውስጥ ደግሞ በቀን 6 ዩሮ ነው፣ በዓመት እስከ 210 ቀን፣ ማለትም እስከ 1,260 ዩሮ። አሜሪካ ስትደርሱ ነገሩ ይለወጣል። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ተቀጣሪ ሠራተኛ በፌዴራል ግብር ላይ የቤት ቢሮ ወጪ ማስቀነስ አይችልም። የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው ግን ይችላል። ቀለል ባለው የስሌት ዘዴ ለእያንዳንዱ ስኩዌር ፊት 5 ዶላር፣ እስከ 300 ስኩዌር ፊት ድረስ ይይዛል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ላንሳ። ይህ ገንዘብ የሚቀነሰው ከገቢው ነው እንጂ ከግብሩ አይደለም። ጀርመናዊው 1,260 ዩሮ ተመላሽ አያገኝም። ግብር የሚሰላበት ገቢው ቢበዛ በ1,260 ዩሮ ያንስለታል፤ ኪሱ የሚገባው የዚያ ጥቂት እጅ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። መልሱ የሚወሰነው ቤት ወይም ቢሮ ሆናችሁ በመሥራታችሁ አይደለም። የሚወሰነው ደሞዝተኛ ናችሁ ወይስ የራሳችሁን ሥራ ትሠራላችሁ በሚለው ነው።

ደሞዝተኛ ከሆናችሁ መልሱ አጭር ነው፤ ምንም አይቀነስላችሁም። የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በሠንጠረዥ ‹ሀ› ስር፣ ማለትም ከመቀጠር በሚገኝ ገቢ ላይ፣ ሠራተኛው ደሞዙን ለማግኘት ያወጣው ወጪ እንደማይቀነስለት ይደነግጋል። ኢንተርኔቱም፣ ወንበሩም፣ መብራት ሲጠፋ የሚቃጠለው የጄኔሬተር ቤንዚንም በዚሁ ይጠቀለላሉ። በ2017 የወጣው የማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 የግብር መጣኔውን ቀየረ እንጂ ይህን መሠረት አልነካም።

ለምን እንዲህ ሆነ? መንግሥት ስለ ኢንተርኔት ስላልሰማ አይደለም። አሠራሩ ራሱ ቦታ የለውም። እነዚያ አገሮች ውስጥ ተቀጣሪው በዓመቱ መጨረሻ ገቢውን የሚያሳውቅበትን ቅጽ ራሱ ሞልቶ ያስገባል፣ ወጪውን ይጽፋል፣ ትርፍ ከከፈለም ይመለስለታል። እኛ ዘንድ አንድ ቀጣሪ ያለው ሠራተኛ የገቢዎችን ቢሮ ዓይቶ አያውቅም። ግብሩን ቀጣሪው በየወሩ ቆርጦ ያስገባለታል፣ ጉዳዩም እዚያው ያልቃል። ወጪ የሚጻፍበት ቅጽ የለም፤ ስለዚህ የሚጠየቅበት መስኮትም የለም። ደሞዝተኛው ከወረፋና ከክርክር ተርፏል፣ በምትኩ የመጠየቅ ዕድሉን አጥቷል። እኔ ይህን ልውውጥ እጅግም አልጠላውም። ለአንድ ሺህ ብር የኢንተርኔት ወጪ ብሎ ደረሰኝ ይዞ የሚመላለስ ሠራተኛ ሳስብ ለሁለቱም ወገን ይደክመኛል።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ሕጉ ለሥራ መሄጃ የሚሆን ነፃ ቦታ ሰጥቷል። የመጓጓዣ አበል እስከተወሰነ ጣሪያ ድረስ ከግብር ነፃ ነው። ቀበሌ 14 ተነስቶ ቢሮ የሚሄደው ሰው በዚህ ይጠቀማል። ያው ሰው ቤቱ ሆኖ ሲሠራ ግን ለመብራቱና ለኢንተርኔቱ የሚሆን ተመሳሳይ ነፃ አበል አያገኝም። ታክሲ መሳፈር ያቆመ ሠራተኛ የታክሲውን አበል ያጣል፣ ወጪው ግን ወደ ቤቱ ዞሯል።

ይህ ጎጃም ውስጥ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ከነሐሴ 2015 ወዲህ መንገድ ሲዘጋ፣ ከተማ ከከተማ ሲቆራረጥ፣ ቤት ሆኖ መሥራት ምርጫ ያልሆነላቸው ሰዎች አሉ። የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በነበረበት ወቅት ደግሞ መደበኛ መስመር ያለበት ቤት ፈልጎ መጠጋት ግድ ነበር። ያ ሁሉ ወጪ ከሠራተኛው የተጣራ ደሞዝ ላይ ነው የወጣው። ግብሩ አንዴ ከተቆረጠ በኋላ ማለት ነው።

እንግዲህ ደሞዝተኛው ክርክሩን የሚገጥመው ከገቢዎች ጋር ሳይሆን ከቀጣሪው ጋር ነው። ለምን እንደሆነ በቁጥር እንየው።

ባሕር ዳር ተቀምጣ ለአዲስ አበባ ድርጅት የምትሠራ አንዲት የሒሳብ ባለሙያ እናስብ። ደሞዟ 25,000 ብር ነው እንበል። በአዲሱ መጣኔ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው። ቀጥሎ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30፣ ከዚያ በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። ሲደመር ግብሯ 6,700 ብር ይሆናል። የጡረታ 7 በመቶ 1,750 ብር ነው። እጇ ላይ 16,550 ብር ይቀራል።

አሁን የቤት ኢንተርኔቷ በወር 1,500 ብር ይፈጃል እንበል። ለአለቃዋ ነገረችው፤ እሱም ደግ ሰው ሆኖ ደሞዟን በ1,500 ብር ጨመረላት። ደስ ይላል። ግን ከዚህ ላይ 525 ብር ግብር፣ 105 ብር ጡረታ ይሄዳል። እጇ የሚደርሰው 870 ብር ነው። ድርጅቱ በበኩሉ የራሱን የ11 በመቶ ጡረታ 165 ብር ይጨምራል። ድርጅቱ 1,665 ብር አወጣ፣ ኢንተርኔቱ ግን ገና 630 ብር ይጎድለዋል።

መስመሩን ድርጅቱ በራሱ ስም አስገብቶ፣ በራሱ ስም ደረሰኝ ይዞ ቢከፍለውስ? ያን ጊዜ ወጪው የድርጅቱ የሥራ ወጪ ነው። ከትርፉ ላይ ይቀንሰዋል፣ እሷም ከደሞዟ ምንም አይነካባትም። ላፕቶፑም እንዲሁ ነው። ድርጅቱ ገዝቶ በንብረት መዝገቡ ላይ ካሰፈረው የእርጅና ቅናሽ፣ ማለትም ዕቃው በየዓመቱ የሚያጣውን ዋጋ እንደ ወጪ፣ ይይዝበታል፤ እሷ በርክክብ ወረቀት ተረክባ ትሠራበታለች። በደሞዟ ከገዛችው ግን ገንዘቡ ግብር የተከፈለበት ነው፣ የሚመልስላት የለም።

አንድ ማሳሰቢያ። መስመሩ ለሥራ መሆኑ በጽሑፍ ይቀመጥ። ቀጣሪ ለሠራተኛ የግል ወጪ ሲከፍል በዓይነት የተሰጠ ጥቅማጥቅም ተብሎ ግብር ሊጠየቅበት ይችላል። በቅጥር ውሉ ላይ ሥራው ከቤት እንደሚሠራ፣ መስመሩና ዕቃው የድርጅቱ እንደሆነ የሚገልጽ አንድ አንቀጽ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል። አንዳንዶች እንደሚያደርጉት ደግሞ ቤት ለተቀመጠች ሠራተኛ የኢንተርኔት ወጪ በ‹መጓጓዣ አበል› ስም መክፈል አያዋጣም። ኦዲተር ሲመጣ የትኛው መንገድ ላይ ተጓጓዘች ይላል።

የራሳቸውን ሥራ የሚሠሩት ጋ ስንደርስ ታሪኩ ይረዝማል።

ከቤት መሥራት እኛ ዘንድ በላፕቶፕ አልተጀመረም። ጎጃም ውስጥ ጠላ የሚጠመቀው፣ አረቄ የሚወጣው፣ ዳቦ የሚጋገረው፣ ጥልፍ የሚጠለፈው ቤት ውስጥ ነው። ጓዳው ፋብሪካ፣ በረንዳው ሱቅ ነው። ዛሬ አንዱ ክፍል ውስጥ ግራፊክስ የሚሠራ ወጣት ሲቀመጥ፣ በግብር ዓይን ሲታይ ከጎረቤቱ ዳቦ ጋጋሪ ጋር አንድ ሰንጠረዥ ላይ ነው፤ ሁለቱም ሠንጠረዥ ‹ሐ›፣ የንግድ ሥራ ገቢ።

እዚህ ሰንጠረዥ ላይ ወጪ ይቀነሳል። ሕጉ ገቢውን ለማግኘትና ሥራውን ለማስቀጠል አስፈላጊ የሆነውን ወጪ፣ አስፈላጊ በሆነው መጠን እንድትቀንሱ ይፈቅዳል። የግል ፍጆታን ደግሞ ይከለክላል። ለቤት ቢሮ ተብሎ እንደ ጀርመኑ የተተመነ የቀን ሒሳብ የለም። ሁሉም ነገር ያረፈው ‹አስፈላጊ በሆነው መጠን› ላይ ነው።

ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሠራው ግብራችሁ በትርፍ ላይ የሚሰላ ከሆነ ነው። በማሻሻያ አዋጁ ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነ ግለሰብ ደረጃ ‹ለ› ይባላል፣ ግብሩም ከሽያጩ ላይ በመቶኛ ይሰላል፤ ከ2 በመቶ ተነስቶ እንደ ሽያጩ መጠን እስከ 9 በመቶ ይደርሳል። ሽያጭ ላይ ሲሰላ ወጪ የሚባል ነገር አይነሳም። ክፍላችሁን ለካችሁ፣ መብራቱን አካፈላችሁ፣ ደረሰኝ ሰበሰባችሁ፣ ግብሩ ያው ነው። ስለዚህ ደረሰኝ ማሳደድ ከመጀመራችሁ በፊት ገቢዎች ሄዳችሁ በየትኛው ደረጃ እንደተመዘገባችሁና የሥራ ዘርፋችሁ እንዴት እንደሚሰላ ጠይቁ። አንድ ጠዋት ይፈጃል፣ ዓመቱን ሙሉ ከውኃ ወቀጣ ያድናል።

በሽያጭ ላይ መሰላቱ ለማን ይጠቅማል? ይህን በደንብ ማየት ያስፈልጋል፤ ስለ ቤት ሥራ ስናወራ በጣም የሚረሳው ይህ ነው።

ግራፊክስ የሚሠራውና ዳቦ ጋጋሪዋ እያንዳንዳቸው በዓመት 400,000 ብር ሸጡ እንበል። የወጣቱ ወጪ ኢንተርኔትና መብራት ነው፤ አብዛኛው ገንዘብ እጁ ላይ ይቀራል። የእሷ ወጪ ዱቄት ነው፣ ዘይት ነው፣ ማገዶ ወይም መብራት ነው፣ የረዳቷ ደሞዝ ነው። ከ400,000 ብሩ ላይ 60,000 ብር ብታተርፍ ጎበዝ ናት። በሽያጭ ብቻ ሲሰላ ግን ሁለቱ እኩል ይከፍላሉ። ለወጣቱ ግብሩ ከትርፉ ላይ ቁንጥር ነው። ለእሷ ከልጆቿ ጉሮሮ ላይ የሚወሰድ ነው። ቀላልነቱን እወደዋለሁ፤ መዝገብ ያዙ ብሎ ማንበብ የማይችል ሰው ማስጨነቅ ከንቱ ነው። ግን ቀላልነቱ የወጪውን ልዩነት ጨፍልቆታል፣ የተጎዳችውም ከድሮ ጀምሮ ከቤት ስትሠራ የኖረችው ናት።

ከ2 ሚሊዮን ብር በላይ የሚሸጡትና መዝገብ የሚይዙት ደረጃ ‹ሀ› ናቸው። ለእነሱ ክፍሉ ዋጋ አለው።

ባሕር ዳር ውስጥ አራት ክፍል ቤት በወር 12,000 ብር ተከራይቶ የሕንፃ ዲዛይን የሚሠራ ባለሙያ እንውሰድ። እኩል ስፋት ካላቸው ክፍሎች አንዱ ቢሮ ብቻ ነው። የኪራዩ ሩብ 3,000 ብር፣ በዓመት 36,000 ብር ይሆናል። ትርፉ 35 በመቶ የሚከፈልበት እርከን ላይ ከሆነ፣ ይህ ወጪ ተቀባይነት ሲያገኝ ግብሩ በ12,600 ብር ይቀንሳል። በራሱ ስም የገዛው የ60,000 ብር ኮምፒውተር ደግሞ በየዓመቱ እኩል በሚቀነስበት በቀጥተኛ የእርጅና ዘዴ በዓመት 20 በመቶ፣ 12,000 ብር ይያዝለታል፤ ግማሹን ጊዜ ልጆቹ ፊልም የሚያዩበት ካልሆነ።

ያም ሆኖ ወጪ በመደራረብ ግብሩን ዜሮ ማድረስ አይቻልም። አዲሱ አዋጅ ዝቅተኛ አማራጭ ግብር የሚባል ወለል አምጥቷል፤ ከጠቅላላ ሽያጩ 2.5 በመቶ። 2.4 ሚሊዮን ብር የሸጠ ሰው ወጪው የቱንም ያህል ቢሆን ግብሩ ከ60,000 ብር በታች አይወርድም።

ወረቀት ላይ እንዲህ ያማረው ነገር መሬት ሲወርድ የሚሰናከለው አከራዩ በር ላይ ነው። አከራዩ ደረሰኝ አይሰጥም። ለምን ይስጥ? ደረሰኝ ሰጠ ማለት የኪራይ ገቢው ታወቀ ማለት ነው፣ ያ ደግሞ ሠንጠረዥ ‹ለ› ነው። ብዙ ተከራይ ኪራዩን በጥሬ ገንዘብ ከፍሎ ‹እግዜር ይስጥልኝ› ተብሎ ይመለሳል። መብራቱ ደግሞ የጋራ ቆጣሪ ነው። ቢሉ የሚመጣው በአከራዩ ስም፣ አንዳንዴም በሟች አባቱ ስም ነው። ወር ሲያልቅ በአምፖል ቁጥር ተከፋፍሎ ይዋጣል። ይህን ይዞ ገቢዎች የሚሄድ ሰው ኦፊሰሩን ማሳመን አይችልም፤ በኦፊሰሩም መፍረድ ይከብዳል።

የሚያዋጣው መንገድ ቀስ ያለ ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ለሥራ የሚውለው ክፍል በውሉ ላይ ይጠቀስ። ኪራዩ በባንክ ይላክ፣ ምክንያቱ ‹የእገሌ ወር ኪራይ› ተብሎ ይጻፍ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320ም ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ይላል፤ ክልሎች የት የት እንደሚያስፈጽሙት ራሳቸው የሚወስኑት ቢሆንም። ኢንተርኔቱ በራሳችሁ ስም ይግባ። መብራቱን ግን እውነቱን ለመናገር፣ የጋራ ቆጣሪ ላይ ካላችሁ ብትተዉት ይሻላል። የሚያስገኘው ጥቅም የሚያስከትለውን ጭቅጭቅ አይመልስም።

ቤቱ የራሳችሁ ከሆነ ለራሳችሁ ኪራይ ከፍላችሁ ወጪ ነው ማለት አትችሉም። የሚቀረው ለሥራ የዋለው ክፍል ድርሻ የእርጅና ቅናሽ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ቤቱ ስንት እንደፈጀ የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል። የአያት ቤት የወረሰ ሰው ከየት ያመጣል?

ክፍል መለካት የሚለው ነገር እኛ አካባቢ ጆሮ ላይ ጥሩ አያርፍም። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ በሞጣና በቢቸና የተቀጣጠለው የገበሬ አመፅ ከብሩ መጠን ይልቅ ገማቹን በመጠራጠርና መሬት ሊለካ ነው፣ ርስት ሊነጠቅ ነው በሚል ስጋት የተነሳ ነበር። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ እስከ መነሳት ደረሱ። በ2009 የቀን ገቢ ግምት ሲወጣም ነጋዴው ያጉረመረመው በአገማመቱ ነበር። ከቤት የሚሠራው ሰው ጉዳይ ከዚህ የሚለየው፣ የሚለካው ራሱ ግብር ከፋዩ በመሆኑ ነው። ፕላኑን ራሱ ይሥላል፣ ስፋቱን ራሱ ይጽፋል። የመጀመሪያውን ቁጥር ያስቀመጠ ሰው ክርክሩን ግማሽ መንገድ ቀድሟል።

ሌላው ነገር ግብሩን የሚሰበስበው ማን ነው የሚለው ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የግለሰብ ነጋዴ ግብር የክልል ነው። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ያለው ባለሙያ የሚገናኘው ከአማራ ክልል ገቢዎች ጋር ነው፣ የሚተዳደረውም በክልሉ አዋጅ ነው። የክልል አዋጆች አብዛኛውን ጊዜ የፌዴራሉን ተከትለው ነው የሚወጡት፣ ቀኑና ዝርዝሩ ግን አንድ ላይሆን ይችላል። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛችሁ የነገራችሁን ቁጥር ይዛችሁ ከመሟገታችሁ በፊት በአካባቢያችሁ ጽሕፈት ቤት ሥራ ላይ የዋለው የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

በመጨረሻ፣ ባሕር ዳር ተቀምጠው ለውጭ ድርጅት የሚሠሩት አሉ። ቀጣሪው ሎንዶን ነው፣ ክፍያው በዶላር ይመጣል። አንዳንዶቹ ግብሩ የሚመለከተው የከፋዩን አገር ነው ብለው ያስባሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ነዋሪ የሆነ ሰው ግን ገቢው ከየትም ይምጣ ከየት እዚህ ግብር ይከፍልበታል። እነሱም ያው የመጀመሪያው ጥያቄ ይጠብቃቸዋል፦ ከሎንዶኑ ድርጅት ጋር የገባችሁት የቅጥር ውል ነው ወይስ የአገልግሎት ውል? የቅጥር ከሆነ ሠንጠረዥ ‹ሀ› ነው፣ የቤቱ ወጪ አይቀነስም። የአገልግሎት ከሆነ ሠንጠረዥ ‹ሐ› ነው፣ ንግድ ፈቃድና ምዝገባ ይመጣል፣ ከዚያም የደረጃው ጥያቄ ይከተላል። ብዙዎቹ ውሉን በስልካቸው ስክሪን ላይ ወደ ታች ጎትተው ‹እስማማለሁ› የሚለውን ተጭነው ያለፉ ናቸው። አሁን ተመልሰው ሊያነቡት ይገባል፤ በተለይ ቅጥር ይሁን አገልግሎት የሚያሳዩትን፣ የሥራ ሰዓታችሁን የሚወስነው ማን ነው፣ ኮምፒውተሩ የማን ነው፣ ለሌላ ደንበኛ መሥራት ይፈቀዳል ወይ የሚሉትን ቦታዎች።